ምንሽር ወይስ ውጅግራ

በሕይወቴ በትክክል መርጫለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለ አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። ሚስቴን የመረጡልኝ አባቴ ናቸው፤ የማርሰውን መሬት የመረጠልኝ በኋላ የመጣው የገበሬ ማኅበር ነው። ጠመንጃውን ግን እኔው ራሴ መረጥኩ፤ አልተሳሳትኩምም። ሰው ተሳስቶ ሲጎዳ ቢያንስ ራሱን ይራገማል። እኔ ይህንን እንኳ አላገኘሁም።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ምሰሶው ላይ ሁለት ጠመንጃ ይሰቀላል። አንዱ አባቴ ከአባታቸው የወረሱት ውጅግራ ነው፤ አፈሙዙ ሰፊ፣ ጥይቱ አውራ ጣት የሚያክል እርሳስ፣ ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹን ከነጋቢው የሚውጥ። ቀለሁን ከወደቀበት ለቅመን ባሩድና እርሳስ መልሰን እንሞላዋለን። ሁለተኛው አባቴ በደህናው ዘመን በሁለት በሬ የለወጡት ምንሽር ነው። የእሱ አፈሙዝ ጠባብ ነው፤ ጥይቱ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ጭስ የለሽ፣ ድምፁ እንደ ጅራፍ የሚጮህ። የምንሽር ጥይት ግን ቤት ውስጥ አይሞላም፤ ካለቀ አለቀ።

በእኛ አገር ወንዶች ሰብሰብ ካሉ የሚከራከሩት ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ድንበርና ስለ አፈሙዝ። አባቴ የሰፊው አፈሙዝ ወገን ነበሩ። ከባድን ሰው ወንዝ እንደማይወስደው ሁሉ ከባድን ጥይትም ነፋስ አይወስደውም ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ የጠባቡ ወገን። ነፋስ ጥይትን የሚገፋው መንገድ ላይ በቆየው ልክ ነው፤ ቶሎ የሚደርሰውን መች አግኝቶ ይገፋዋል እላለሁ። የእርስዎ ውጅግራ ማዶ እስኪደርስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል እያልኩ ሳሾፍባቸው፣ እሳቸውም ያንተው ደግሞ ከመፍጠኑ የተነሣ የት እንደገባ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው ይሉኛል። ይህም እውነት ነበር። የውጅግራው እርሳስ ድንጋይ ሲመታ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል፤ የምንሽሩ ጠብ ብሎ ይጠፋል፤ ሲስቱም በየት በኩል እንደሳቱ አያዩም።

ክርክሩ የሚለየው በሠርግ ቀን ነበር። ደጋሹ ከገደሉ ማዶ አለት ላይ በኖራ የተቀባ ቅል ያስቀምጣል፤ እድምተኛው ከወዲህ ከአውድማው ሆኖ ይተኩሳል። ርቀቱን ያኔ በሜትር የሚለካ አልነበረም፤ ኋላ ሚሊሺያ ሆኜ ስሠለጥን ከስድስት መቶ ሜትር እንደማያንስ ገመትኩ። ደንቡ ጥብቅ ነው። አንድ ቤት በአንድ ጠመንጃ፣ ሦስት ጥይት። ጠመንጃውን ሽማግሌዎቹ ፊት በተነጠፈው ጋቢ ላይ ካስቀመጡ በኋላ መለወጥ የለም። ድንጋይ ማስደገፍ ነውር ነው፤ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ክንድን ጭን ላይ አድርጎ ነው። ቅሉን የሰበረ ሙክት ይሸለማል፤ ሙክቱም እዚያው ታርዶ በጋራ ይበላል።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ጠብ ጠብ ብሎ ተወን። መጀመሪያ ከምሥራቅ፣ ከቆላው የተሰደዱ ሰዎች በመንገዱ ማለፍ ጀመሩ፤ እናዝንላቸው ነበር። ቀስ በቀስ እኛም እነሱን መሰልን። የጣሪያችንን ሣር እየመዘዝን ለበሬዎቹ አበላን፤ በሬዎቹም አልተረፉ፣ ጣሪያውም አልተረፈ። አባቴ ጠመንጃ የሚሸጥ ወንድ ምኑን ወንድ ነው ብለው ቆይተው ቆይተው፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ይዤ ወደ ከላላ ገበያ እንድወርድ ፈቀዱ። ዘገዩ። ገበያው በጠመንጃ ተጥለቅልቆ ነበር፤ እህል ያለው ሰው ብረት አይበላም እያለ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱንም ተሸክሜ ተመለስኩ። ዳገቱን ስወጣ ሦስቴ ተቀምጬ አርፌያለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን ጥቅምት ላይ ተወልዳ ነበር። ሴት ናት። ባለቤቴ ኅዳርን እንደምንም አጠባቻት፤ ታኅሣሥ ላይ ወተቱ ነጠፈ። የሰፈር ሴቶች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ አራሷ የገብስ አጥሚት ካገኘች ወተቱ ይመለሳል። ገብስ ግን የለም። ልጅቷ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ማልቀሱንም ተወችው። እኔ ከቤት እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እጄ እግሬ ጤነኛ ነው፤ የምሠራው ምንም ነገር አልነበረም። ያን ያህል ዋጋ ቢስ ሆኜ አላውቅም።

ጥር ሲገባ የአገራችን ባላባት ልጁን ሊድር ነው ተባለ። በዚያ ዓመት ሠርግ መደገስ አሳፋሪ ነው ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። ሙክት ቢፈለግ አጥንት እንጂ ሥጋ ያለው በግ ስላልተገኘ፣ ባላባቱ ቅሉን ለሰበረ አንድ የበቅሎ ጭነት ገብስ እሰጣለሁ ብሏል። አንድ ጭነት! ለባለቤቴ እስከ ፋሲካ፣ ከቆጠብንም ከዚያ ወዲያ ይዘልቃል። ወሬውን ስነግራት ልጅቷን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ በየትኛው ይተኮስ? በጥጋብ ጊዜ መሟሟቂያ የነበረው ክርክር አሁን የነፍስ ጉዳይ ሆነብን። የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ ተኳሹ እኔ መሆኔን አምነዋል። ጠመንጃው ግን ውጅግራ ይሁን አሉ። ምክንያታቸውም የዋዛ አልነበረም። ለውጅግራው ዘጠኝ የተሞላ ጥይት አለን፤ መለማመድ ይቻላል። ከዚያ አውድማ ወደዚያ አለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተኩሰውበታል፤ ከቅሉ በላይ ምን ያህል ከፍ ተደርጎ እንደሚነጣጠር በቃላቸው ያውቁታል። ለምንሽሩ የቀረን አራት ጥይት ብቻ ነው።

አራቱም ጥይቶች አስተማማኝ አልነበሩም። በእኛ ዘንድ ጥይት የሚቀመጠው ጎታ ውስጥ፣ እህል መሐል ተቀብሮ ነው፤ እህሉ እርጥበት አያስቀርብበትም። ጎታው ሰኔ ላይ ሲራቆት ጥይቶቹ ባዶው ወለል ላይ ቀሩ፤ እኛም ሐሳባችን ሁሉ ሆዳችን ላይ ስለነበር አላነሣናቸውም። ጣሪያው ደግሞ ሣሩን ለበሬ ካጣ በኋላ ያፈስ ነበር። ሳወጣቸው ሁለቱ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። በአመድ ፈትጌ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። አንድ በአንድ እያነሣሁ ጆሮዬ ሥር እነቀንቃለሁ። የባሩዱ ድምፅ ምን ሊነግረኝ እንደሚችል ባላውቅም እነቀንቃለሁ።

እንግዲህ መዝኑት። ውጅግራው የታወቀ ነው፣ ጥይትም አለው። ግን ከባድ ነው፤ ሲተኮስ ትከሻ ይፈነግላል። እኔ ደግሞ ከጥቂት ቅጠላ ቅጠልና ከውኃ በቀር ሆዴ ውስጥ ምንም የለም፤ ተንበርክኬ ሳነጣጥር አፈሙዙ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። አንድ ቀን ሦስት ጥይት ተለማመድኩበት፤ በሦስተኛው ትከሻዬ ዝሎ ቃታ ሳልስብ ዓይኔ ይጨፈን ጀመር። ደግሞ እኛ ዘንድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ከዓባይ የሚነሣ ነፋስ አለ። ያዘገመውን የውጅግራ እርሳስ አንድ ክንድ ይወስደዋል፤ ቅሉ ግን የስንዝር ስፋት ነው። ምንሽሩ ቀላል ነው፤ ግፊቱን የተራበ ትከሻም ይችለዋል፤ ጥይቱም ነፋሱ ሳያገኘው ይደርሳል። አንዷን ጥይት ከፍዬ ሞከርኩት። አጠገባችን ካለው ሸለቆ ማዶ የዛፍ ጉቶ መረጥኩ፤ ከመሐሉ አንድ መዳፍ ወደ ግራ ገባ። ከአራት አንዷን ማጥፋቴን ያዩት አባቴ አንድ ቀን ሙሉ አላናገሩኝም።

በሠርጉ ዋዜማ አባቴ ውጅግራውን ዘይት ቀብተው በሩ አጠገብ አቆሙት። ጠዋት ስነሣ አየሁት፤ መልሼ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩትና ምንሽሩን ያዝኩ። አባቴን እንዲህ ስቃወማቸው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። በትራቸውን አነሡና ፊት ፊት ሄዱ።

ባላባቱ ግቢውን በእሾህ አጥሮ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ እድምተኛው፣ ከአጥሩ ውጪ ከየአገሩ የተሰደደው ሰው። ቁጥሩን አላውቅም፤ ሜዳው ሞልቶ ነበር። አብዛኛው ተቀምጧል፤ መቆም የቻለው ጥቂቱ ነው። በዱላ የሚጠብቋቸው ዘበኞች ቢኖሩም ዱላ የሚያሻው ጉልበት ያለው ሰው እዚያ አልነበረም። እኔ አንድ ጊዜ አየሁና ፊቴን ወደ ቅሉ መለስኩ። ማየት አልፈለግሁም። አባቴ ግን ቆመው ሲያዩ ነበር።

ጠመንጃውን ጋቢው ላይ አስቀመጥኩ። ዕጣ ሲወጣ መጨረሻ ደረሰኝ፤ ነፋሱ በደንብ ከተነሣ በኋላ ማለት ነው። ከእኔ በፊት የተኮሱት አብዛኞቹ ሰፊ አፈሙዝ የያዙ ናቸው፤ አቧራው ከቅሉ ቀኝ እየቦነነ ታየኝ። አንዱ ከቅሉ ሥር ያለውን ድንጋይ ፈልጦ ሕዝቡ ኡኡ አለ፤ ቅሉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ተራዬ ሲደርስ ተንበርክኬ የመጀመሪያዋን አጎረስኩ። ቃታውን ሳብኩ፤ ቀጭ ብሎ ቀረ። ከሸፈች። እድምተኛው ሳቀ፤ አንዱ ጎታ ውስጥ በቅላለች ሲል ሰማሁት። ሁለተኛዋ ጮኸች፤ የት እንደገባች ግን አላየሁም፤ ቅሉም እንደተቀመጠ ነው።

አንዲት ቀረችኝ። የጉቶውን ግራ አሰብኩ፤ የነፋሱን ቀኝ አሰብኩ፤ ሁለቱ ይጣጣላሉ ብዬ ቀጥታ ቅሉ እምብርት ላይ አነጣጠርኩ። ትንፋሼን ስይዝ የልጄ ፊት መጣብኝ፤ አባረርኩት። ሳብኩት። ቅሉ ፈንድቶ ነጭ ስባሪው ወደ ገደሉ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። እልልታው ቀለጠ፤ የአባቴ ስም ተጠርቶ ተፎከረ። ቤታችን ከፊት ለፊቱ ዳገት ላይ ስለሆነ ባለቤቴም እንደሰማችው አውቄያለሁ። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። እዚያው እንደተንበረከክሁ አለቀስኩ።

ሽልማት የሚቀበለው ተኳሹ ሳይሆን የቤቱ አባት ነው። በቅሎዋን ከነጭነቷ ሽማግሌዎቹ ፊት አቆሟት። ባላባቱ መርቆ ልጓሟን ለአባቴ ሰጣቸው። አባቴ ልጓሟን ይዘው ሕዝቡን አዩ፤ ከዚያ አጥሩን ተሻግረው ውጪ የተቀመጠውን አዩ። አሸናፊ ሁሉ ሙክቱን ሲቀበል የሚላት አንዲት ቃል አለች። እሳቸውም ብዙ ጊዜ ብለዋታል።

«ለታዳሚው ይሁን» አሉ።

መጀመሪያ ምን እንዳሉ አልገባኝም ነበር። ይህ ደንብ ታርዶ ለሚበላ በግ እንጂ ለገብስ ይሆናል ብሎ ያሰበ ማን አለ? እሳቸውም ያሰቡ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ቃሉ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞረው ሲያዩኝ ፊታቸው የደነገጠ ሰው ፊት ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ አሜን ብለዋል። ባላባቱ፣ እንዲህ ያለ ወንድ ይብዛ ብሎ የሠርጉ ጎላ ድስቶች እንዲጣዱ አዝዟል። እኔ አባቴ በአደባባይ የተናገሩትን ቃል ልመልስ? ልጄ እየሞተች ነው፣ እህሉ የኔ ነው ብዬ ልጩኽ? ማድረግ ነበረብኝ የሚል ይኖራል። በዚያ አውድማ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።

ገብሱ ተቀቀለ። አጥሩ ተከፍቶ ሰዉ ተሰለፈና ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ተሰጠው። ማታ ሲቃረብ ድስቶቹ ተፋቁ። ለእኔም እንደማንኛውም ታዳሚ አንድ ጭብጥ ደረሰኝ፤ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤው ሄድኩ። አባቴ ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና፣ አፌ ቀደመኝ አሉ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ባለቤቴ ፉከራውን ሰምታ ጎታውን ጠርጋ፣ ስንጥቁን በጭቃ መርጋ ጠብቃናለች። ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። ቋጠሮዬን ፈትቼ ሰጠኋት። አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ አባቴን አየቻቸው። ንፍሮውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለአባቴ ዘረጋችላቸው፤ አዛውንት እያለ ብቻዋን አትበላማ። አባቴ እጃቸውን አላነሡም። ብዙ ስትለምናቸው አንዲት ፍሬ አነሡ።

ልጅቷ የሁዳዴ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። የቀበርናት አባቴና እኔ ነን፤ መቆፈር የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ መሬት ላራሹ ተባለ። ባላባቱ ዱር ገብቶ፣ ተይዞ ደሴ ተወሰደ። አውድማው የማኅበሩ መሰብሰቢያ ሆነ። እኔም መሬት አገኘሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ስብሰባው ላይ ሁሉን ያስራበን ባላባቱ ነው ሲባል እያጨበጨብኩ ልቤ አያርፍም ነበር። የእኔን ልጅ ያስራበው እሱ ነው እንዳልል እህሉን ሰጥቶ ነበር። አባቴ ናቸው እንዳልል የሰጡት ለተራበ ነው። እግዜር ነው እንዳልል እፈራለሁ።

ጠመንጃ ይመዝገብ የተባለ ጊዜ አባቴና እኔ ሁለቱን ይዘን መካነ ሰላም ሄድን። ሰልፍ ላይ አንድ ሰው አባቴን አተኩሮ ሲያይ ቆየና ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። እስላም ነው፤ ከወረኢሉ ወዲያ ተሰዶ መጥቶ እዚሁ በእኛ አካባቢ መሬት ደርሶት ቀርቷል። ያን ቀን ከአጥሩ ውጪ ነበርኩ አለ። አባቴ እጁን ይዘው አነሡት። ለማመስገን ቤታችሁ ካልመጣሁ አለ፤ እንቢ ማለት አልተቻለም።

በሳምንቱ አንዲት ዶሮ ይዞ መጣ። ብቻውን አልነበረም። ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ ታቅፏል። ባለቤቴ ተቀብላ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ያለንን አቀረበች። እሱ ዱዓ አድርጎ ተቀመጠና ተረከ። ሚስቱ ያኔ አራስ ነበረች፤ ወተቷ ነጥፎ ነበር።

«ሁለት ጊዜ ተሰልፌያለሁ፤ አላህ ይማረኝ» አለ። «ሁለቱንም ጭብጥ ለእናቷ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ይቺ መጥባት ጀመረች። አላህ ለእርስዎም ለልጅዎም ዕድሜ ይስጥልኝ።»

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው የበትራቸውን ጫፍ መሬት ላይ ያሻሹ ነበር። እኔ ባለቤቴን ማየት ፈርቼ በሩን አያለሁ። እሷ ልጅቷን ስጠኝ አለችው። ታቀፈቻት፤ መቼ ተወለደች ብላ ጠየቀች። ጥቅምት አላት። ልጅቷ እስክትተኛ አቅፋት ቆየች። ሰውዬው ሲነሣ ልጁን መልሳ ሰጠችው፤ እስከ ደጅ ሸኘችውም።

ስትመለስ አባቴ ወጥተው ሄደዋል። ስለዚያ ቀን በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ቃል አውጥታ አታውቅም። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

«በውጅግራው ተኩሰህ ብትስት ኖሮ ይቺም ልጅ አትኖርም ነበር፤ አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«እንግዲያ እንኳን መታህ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

እሷ ይህን ማለት ቻለች። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ እንኳን መታሁ ብዬ አላውቅም።